ደብዳቤ የሌለው እገዳ፦ መጽሐፍ ሻጩና የሃይማኖት ቅሬታ በሰሜን ሸዋ የንባብ ታሪክ

ስለ ሳንሱር በአማርኛ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በሁለት ሰዎች ላይ ነው፤ በደራሲውና በሳንሱር ሹሙ። አንደኛው ይጽፋል፤ ሌላው ይሰርዛል። በሁለቱ መካከል የተደረገው ግብግብ የተሰረዘ ረቂቅ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ የሹም ፊርማ ትቶ ስለሚያልፍ ለተመራማሪ ይመቻል። መጽሐፉን ተረክቦ ለአንባቢ የሚያቀርበው ሦስተኛ ሰው ግን በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ እምብዛም አይነሣም። የእርሱ ውሳኔ በወረቀት ላይ አይሰፍርም። አንድን መጽሐፍ ሳይረከብ ይቀራል፤ ወይም ተረክቦ ከጠረጴዛው ሥር ያኖረዋል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሦስተኛ ሰው፣ በተለይ ከሃይማኖት ቅሬታ ጋር በተያያዘ፣ በሰሜን ሸዋ ታሪክ ውስጥ መመልከት ነው።

የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው እነዋሪ ለዚህ ጥሩ መነሻ ትሆናለች። ከተማዪቱና አካባቢዋ የሚታወቁት በጥቁር አፈራቸው ጤፍና በጅሩ ሰንጋ እንጂ በመጻሕፍት ንግድ አይደለም። ለጥያቄያችን የምትመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ እነዋሪ ባለ የወረዳ ከተማ መጽሐፍ ብቻ ሸጦ ማደር ያስቸግራል፤ መዝሙረ ዳዊቱና ውዳሴ ማርያሙ፣ የተማሪ አጋዥ መጽሐፉና ልብ ወለዱ ከደብተርና ከእስክሪፕቶ ጋር ተደርድረው ይሸጣሉ። ገዢውም እንግዳ አይደለም፤ ጎረቤት፣ የማኅበር ጓደኛ፣ የልጅ አስተማሪ፣ አንዳንዴም የነፍስ አባት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ሻጩ የሚፈራው ፖሊስን ወይም ቦምብ ጣይን ብቻ አይደለም። በዕድሩና በጽዋ ማኅበሩ ፊቱ የሚከፋበትን ሰውም ይፈራል።

የውጭውን ዓለም ሁኔታ ለማነጻጸሪያ ያህል በአጭሩ እናንሣ። የሳልማን ሩሽዲ «ሰይጣናዊ አንቀጾች» እ.ኤ.አ. በ1988 ለንደን ላይ ታተመ። በየካቲት 1989 አያቶላ ኾሜኒ በደራሲውና በአሳታሚዎቹ ላይ የሞት ፈትዋ ሲያወጡ ከአሜሪካ ታላላቅ የመጽሐፍ መደብሮች አንዳንዶቹ፣ ለሠራተኞቻችን ደኅንነት ሰግተናል በማለት፣ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረዱ። በዚያው ወር መጨረሻ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ከተማ የሚገኘው የኮዲ መጽሐፍ መደብር በቦምብ ተመታ፤ ሠራተኞቹ ግን ተሰብስበው መሸጡን ለመቀጠል ወሰኑ። የጃፓንኛ ተርጓሚው ሂቶሺ ኢጋራሺ እ.ኤ.አ. በ1991 ተገደለ፤ ደራሲው ራሱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በስለት ተወግቶ አንድ ዓይኑን አጣ። እዚያ ነገሩ በአደባባይ ሆነ፤ ጋዜጣ ጻፈበት፣ ሸንጎ ተከራከረበት። ወደ እኛ ስንመጣ አደባባዩ ይጠባል።

ከእነዋሪ ብዙም በማይርቀው በደብረ ብርሃን እንጀምር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የመጻሕፍት ንጉሥ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። «መጽሐፈ ብርሃን»ና «መጽሐፈ ሚላድ» በስማቸው ይታወቃሉ፤ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዙም እርሳቸው ናቸው። ንጉሡ መጽሐፍን እንዲህ ቢወዱም በተመሳሳይ ዘመን የተነሡት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት «ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው» ብለው ለንጉሡም፣ ለመስቀልም፣ ለእመቤታችን ሥዕልም አንሰግድም አሉ። የተሰጣቸው ስም «ፀረ ማርያም» የሚል ሆነ። በደብረ ብርሃን ምድር ምላስና አፍንጫቸው ተቆረጠ፤ በድንጋይም ተወገሩ። ብዙ ሳይቆይ በዚያው ስፍራ ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ይህን ፈጣሪ በፍርዳቸው መደሰቱን የሚገልጽ ምልክት አድርገው ወሰዱት፤ ቦታውንም ደብረ ብርሃን አሉት። የከተማዪቱ ስም የተገኘው ከዚህ ነው።

ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው የታሪኩ ቀጣይ ክፍል ነው። አንዱ ድርጊት በሁለት ዓይነት መጻሕፍት ተጻፈ። በንጉሡ ዜና መዋዕልና በአንዳንድ የተአምረ ማርያም ቅጂዎች ውስጥ ውግሩ ተገቢ ፍርድ፣ ብርሃኑም ማረጋገጫው ነው። በደቂቀ እስጢፋኖስ ገድላት ደግሞ ያው ውግር ሰማዕትነት ነው። የመጀመሪያዎቹ በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን ጥበቃ ሥር ተባዝተው በአገሩ ሁሉ ተነበቡ። ሁለተኛዎቹ በዓጋመ ገደል ውስጥ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ተቀመጡ። ገዳሙ በኋለኛው ዘመን ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ታርቆ እንደ ማንኛውም ገዳም ሲኖር ገድላቱ ከቤተ መጻሕፍቱ አልወጡም። ገድላቱን ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ በ1996 ዓ.ም. ያሳተሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሲሆኑ፣ የታተመውም በአሜሪካ ሚኒሶታ ነው። ተርጓሚው የሸንኮራ፣ ማለትም የዚሁ የሸዋ ተወላጅ ናቸው። በደብረ ብርሃን የፈሰሰው ደም በአማርኛ ለመነበብ አምስት መቶ ተኩል ዓመትና የውቅያኖስ ማዶ ማተሚያ ቤት አስፈልጎታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። የጉንዳ ጉንዶ መነኮሳት መጽሐፉን ከአንባቢ ጋርደውታል፤ በመጋረዳቸውም አትርፈውታል። ሁለቱ ድርጊቶች በአንድ እጅ የተሠሩ ናቸው። መጽሐፍ የደበቀን ሰው ሁሉ በፈሪነት የሚከስስ፣ ወይም ሁሉንም በባለውለታነት የሚያወድስ ሰው ይህን ማሰብ ይኖርበታል።

የታተመ መጽሐፍ ወደ ሰሜን ሸዋ ገብቶ ከሃይማኖት ቅሬታ ጋር መፋጠጡን በዝርዝር የምናገኘው ግን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚስዮን ማኅበር የላካቸው ጀርመናውያኑ ካርል ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በካህናቱ ተቃውሞ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1838 ከአድዋ ተባረሩ። በሚቀጥለው ዓመት በታጁራ በኩል ዞረው ሸዋ ገቡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለስ ክራፕፍ እስከ መጋቢት 1842 ቆየ። የያዙት መጻሕፍት በግእዝና በአማርኛ የታተሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ነበሩ። የአማርኛው ትርጉም አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ ካይሮ ላይ ለፈረንሳዩ ቆንስል የሠራው ሲሆን፣ አራቱ ወንጌላት እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታትመዋል። ሚስዮናውያኑ ነጋዴ አልነበሩም፤ መጽሐፉን አብዛኛውን ጊዜ ያድሉ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራቸው የሻጭ ሥራ ነው፤ ምን ለማን በምን ጊዜ ላቅርብ የሚለውን ይወስናሉና።

የሁለቱ ሰዎች የዕለት ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ላይ ታትሟል። እርሱን ለሚያነብ ሰው ጉልህ የሚሆነው፣ ካህናቱና ደብተሮቹ መጽሐፍ ፈላጊ መሆናቸው ነው። የሚፈልጉት ግን በግእዝ የተጻፈውን፣ በተለይም ዳዊቱን ነበር። በአማርኛ የተጻፈው ያን ያህል ክብር አልነበረውም። ቃሉ ያው ወንጌል ነው፤ ቅር ያሰኘው ልብሱ ነው። በገበያ ቋንቋ የተጻፈ፣ በመቅደስ ያልተባረከ፣ የማይጾምና የእመቤታችንን አማላጅነት የማይቀበል ፈረንጅ ያመጣው ወንጌል እንደ ወንጌል አይታይም። እኛ ዛሬ የሃይማኖት ቅሬታ ሲባል ወዲያው የምናስበው በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ነው። የአንኮበሩ ታሪክ ግን የመጽሐፉ ቋንቋ፣ መልክና አምጪ ከሐሳቡ ቀድመው እንደሚመዘኑ ያሳያል።

ሣህለ ሥላሴስ? ንጉሡ የፈለጉት ጠመንጃ፣ መድኃኒትና ባለሙያ ነበር። ክራፕፍን በዘመቻ እስከማስከተል ድረስ አቀረቡት፤ መጽሐፍ ማደሉንም ታገሡት። ሆኖም በዚያው ሰሞን የሸዋ ካህናት በጸጋና በቅባት፣ በሦስት ልደትና በካራ ተከፋፍለው ይነታረኩ ስለነበር፣ ቤተ መንግሥቱ በሃይማኖት ነገር ተጨማሪ ጠብ የሚሻበት ጊዜ አልነበረም። ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 ከአንኮበር ወጥቶ ወሎ ላይ በአዳራ ቢሌ ተዘረፈ። በዚያው ዓመት ወደ ሸዋ ልመለስ ቢል ተከለከለ። ታሪኩ ሌላም ገጽ አለው፤ ሰውዬው የታተመ እያደለ በእጅ የተጻፈውን የግእዝ ብራና ይሰበስብ ነበር፤ የሰበሰባቸውም መጻሕፍት ዛሬ በጀርመን ቱቢንገን ይገኛሉ። ያመጣው ተንቆ የወሰደው የተከበረ መጽሐፍ አዟሪ ነበር ማለት ነው።

ሻጩን የሚያሳስበው ሌላው ነገር የሃይማኖት ሚዛን ራሱ መለዋወጡ ነው። ሣህለ ሥላሴ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ያደሉለት ሦስት ልደት በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ተወገዘ። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ የቤተ መንግሥት እምነት የነበረው ክሕደት ሆነ። የአባቱን መጽሐፍ ሣጥን የወረሰ ሰው በውስጡ ያለው የትኛው ገጽ ነገ እንደሚያስጠይቀው በምን ያውቃል?

ወደ ሕትመቱ ዘመን ስናልፍ የመንግሥቱ እገዳ ራሱን የቻለ ሥርዓት ይዞ ይታያል። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ታገደ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ካወጣው በኋላ ጥቂት ሳይቆይ ከየመደብሩ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከተሰበሰበው ያመለጠው ቅጂ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ይህ ግፍ ነው፤ ለሻጩ ግን ግልጽ ግፍ ነው። «አምጣ» ተብሎ አመጣ፤ የሰጠበት ወረቀት አለው፤ ለጠየቀውም «መንግሥት ወሰደው» ብሎ ይመልሳል። ኃላፊነቱ ከትከሻው ይወርዳል። የሃይማኖት ቅሬታ እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም። የሚመጣው በአንድ ደንበኛ ዝምታ፣ «አንተም እንዲህ ያለውን ትሸጣለህ?» በሚል ጥያቄ ወይም ከቅዳሴ በኋላ በሚሰማ ወሬ ነው። ትእዛዝ ያልሰጠውን ሰው ማንም አይከስሰውም፤ ትእዛዝ ያልተቀበለው ሻጭም ምክንያቱን ለማስረዳት ይቸገራል።

ሕጉ ይህን ክፍተት አልሞላውም። የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን አስቀረ፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከለከለ። ለደራሲው ትልቅ እፎይታ ነበር። በሌላ በኩል የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 816 በአደባባይ ሃይማኖትን የሚያቃልልና የሌላውን እምነት ክፉኛ የሚነካ ንግግርን ያስቀጣል፤ በሕትመት ለሚፈጸም ወንጀል ደግሞ ኃላፊነቱን እንደ ሰንሰለት አያይዞ ደነገገ፤ ከዋና አዘጋጁ ወደ አሳታሚው፣ ከአሳታሚው ወደ አታሚው፣ በመጨረሻም ወደ አሠራጩ ይወርዳል። የፊተኛው ካልተገኘ የኋለኛው ይጠየቃል። ደራሲው ውጭ አገር ካለ፣ አሳታሚው አድራሻውን ካልጻፈ፣ የሚገኘው ሱቁን ከፍቶ የተቀመጠው ሰው ነው። ሳንሱር ሲቀር ፍርሃቱ አልቀረም፤ ከሹሙ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ነጋዴው ጠረጴዛ ተዛወረ ለማለት ይቻላል።

ሻጩም የራሱን መመዘኛ ያበጃል። ለሃይማኖት መጽሐፍ የሊቃውንት ጉባኤ አይቶታል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የማተሚያ ቤቱን ስም ያያል፤ የሽፋኑን ሥዕል ይመረምራል፤ ይዘቱን አንብቦ የሚወስነው ግን ጥቂቱ ነው። በዚህ ከአንኮበር ደብተሮች አይለይም። ለእነርሱም ያለው አክብሮት መልክን መመልከት እንጂ ክርክሩን መከታተል አልነበረም። በዚህ መመዘኛ ብንሄድ፣ ተአምረ ማርያምና «ደቂቀ እስጢፋኖስ» በአንድ ሱቅ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የመጀመሪያው ከፊት፣ ሁለተኛው ከኋላ ወይም ከሥር እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም፤ ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ ሜዳ መሆኑ ለሻጩ ሚዛን ላይ አይገባም።

በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ሻጩን በድፍረት ማነስ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ ደመወዝተኛ በዕድሩ ተገልሎ ልጁን ብቻውን የሚቀብርን ሰው ድፈር ሊለው አይችልም። ወቀሳው መሄድ ያለበት ልዩነት ወደሚፈጠርበት ቦታ ነው። መጽሐፉን «የለም» ብሎ የሚመልስና «ነገ ና፣ ፈልጌ አቆይልሃለሁ» የሚል ሻጭ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው አንባቢውን ያሰናብታል። ሁለተኛው፣ እንደ ጉንዳ ጉንዶ መነኩሴ፣ ጋርዶ ያቆያል። የእነዋሪ ተማሪ የደብረ ብርሃን ስም ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ ስለ ብርሃኑ ይነግረናል። ስለ ድንጋዩ የሚያነበው በስም የሚጠይቀው መጽሐፍ እንዳለ ካወቀ ብቻ ነው፤ መኖሩን እንዳያውቅ ደግሞ ከመደርደሪያው ላይ አላየውም።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲመርጡ ወደ ደራሲያን ብቻ መሮጣቸውን ለጊዜው አቁመው ወደ ሻጮቹ ቢሄዱ መልካም ነው። ከነጋዴው የርክክብ ደብተር ላይ የተረከበውና የመለሰው የመጽሐፍ ብዛት ይገኛል፤ ለምን እንደመለሰው ግን የሚነግረን እርሱ ራሱ ነው፤ ከጠየቁት፣ ስሙንም ካልጻፉት።