የሐረር ቤቶች፦ መንገዱ ሲዞር የቀረው

ልጆቻችንን ይዘን ከሞያሌ ወደ አገር ቤት ስንሻገር ሐረርን ማየት የሚመኝ አይጠፋም። በስልክ ፎቶ የምናውቃቸው ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ የተቀቡ ግድግዳዎች ናቸው የሚስቡን። እነዚያ ቤቶች ግን ለነጋዴ ከፎቶ በላይ የሚያወሩት አላቸው።

ጀጎል የሚባለውን ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች እንደ ኬላም ያገለግሉ ነበር፤ ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ በእነሱ ወጥቶ ወደ ዘይላና በርበራ ወደቦች ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1887 ምኒልክ ከተማዋን ከያዙ በኋላ የህንድ ነጋዴዎች መጥተው የእንጨት ሰገነት ያላቸው ፎቅ ቤቶች ሠሩ። ዛሬ በፈረንሳዊው ገጣሚና ነጋዴ በራምቦ ስም የሚጠራው ቤትም የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረርን በተራራዋ ላይ ትቷት ስላለፈ ትልቁ ንግድ ሐዲዱን ተከትሎ ወረደ። መንገድ ሲዞር ገበያም አብሮ እንደሚሄድ ለሞያሌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሐረር ግን አልፈረሰችም፤ ቤቱን የሚይዝ ሰው ነበራትና። ጌ ጋር በሚባለው የሐረሪ ቤት ውስጥ መደቦቹ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ ሽማግሌውም እንግዳውም የየራሱ መቀመጫ አለው። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያጌጣል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ውጪው ደግሞ ረመዳንና በዓል ሲቃረብ እንደገና ይቀባል። ስለዚህ ያ ቀለም ቤተሰቦች እየደጋገሙ የሚያድሱት ሥራ እንጂ ከድሮ ሀብት የተረፈ ጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የእነሱም ድካም አብሮ ተመዝግቧል።

ስትሄዱ በሩን ብቻ ፎቶ አንስታችሁ አትመለሱ። እንግዳ የሚቀበሉ ቤቶች አሉ፤ ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ ግቡ፤ የመግቢያውንም ክፈሉ። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ከልብስ ሰፊዎቹ አንድ ነገር ግዙ። ሞያሌ ስትመለሱ ደግሞ የእኛን የቆርቆሮ ሱቆች ማን እንደከፈታቸው፣ ምን ይሸጥባቸው እንደነበር አባቶቻችን በሕይወት ሳሉ ልጆቹ ይጠይቁ።