የጎባጣዋ ፊደል ታሪክ

ሊቃውንት አባቶቻችን የግዕዝን ፊደል ለአማርኛ ባዋሉት ጊዜ በግዕዝ ያልነበሩ ድምፆች ገጠሟቸው። እነርሱም ባዕድ ፊደል ከማምጣት ይልቅ በነባሩ ላይ ጥቂት ምልክት ጨምረው ከ«ደ» «ጀ»ን፥ ከ«ጠ» «ጨ»ን አወጡ። በዚህም ዝምድናው ሳይጠፋ ልዩነቱ ታወቀ። የአውሮፓ የሒሳብ ሊቃውንትም «ዲ» በምትባለው ፊደላቸው ላይ ይህን የመሰለ ሥራ ሠርተዋል። ዛሬ የምንተርከው የእርሷን ታሪክ ነው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጀርመናዊው ላይብኒትስ በ1675 የአንድን መጠን እጅግ ጥቂት ለውጥ በ«ዲ» ይጽፍ ጀመር። መጠኑ በአንድ ምክንያት ብቻ የሚለዋወጥ ሲሆን ይህ አጻጻፍ በቂ ነበር። ነገር ግን በዓለም ካለው መጠን አብዛኛው በብዙ ምክንያት ይለዋወጣል። የቦታ ስፋት እንኳ በርዝመትም በወርድም ይወሰናል። እንግዲያስ አንዱ ብቻ ሲለወጥ የሚሆነውን ከጠቅላላው ለውጥ በምን እንለየዋለን?

ስመ ጥሩው ኦይለር ከፊሉን ለውጥ በቅንፍ ውስጥ በማስቀመጥ ይለየው ነበር። ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ በ1773 በታተመ ጽሑፉ ራሷ የጎበጠ «ዲ»ን አመጣ፤ ሆኖም ትርጓሜዋን በአንድ አላጸናውም። ያገሩ ሰው ሌዣንድር በ1786 የከፊል ለውጥ ምልክት አደረጋት፤ ዳሩ ግን እርሱው ራሱ ተዋት። ከ55 ዓመት በኋላ፥ በ1841፥ ጀርመናዊው ያኮቢ መልሶ አነሣት። ቀጥተኛዋ «ዲ» ለጠቅላላው፥ ጎባጣዋ ለከፊሉ እንድትሆን ለየ። ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ በየአገሩ ተለመደች።

የምልክቷን ጥቅም፥ ደግሞም ጉድለቷን፥ በቅርብ ምሳሌ እንመልከት። በኮልፌ ቀራንዮ ርዝመቱ 30፥ ወርዱ 20 ሜትር የሆነ ቦታ ያለው ሰው አለ እንበል። ስፋቱ 600 ካሬ ሜትር ነው። ርዝመቱ በአንድ ሜትር ቢጨምር ስፋቱ ስንት ይሆናል? ወርዱ ካልተነካ 31 በ20 ተባዝቶ 620 ይሆናል፤ 20 ጨመረ ማለት ነው። ነገር ግን ሰውየው ዙሪያውን የሚያጥርበት ቆርቆሮ 100 ሜትር ብቻ ቢሆን፥ ርዝመቱን በአንድ ሜትር ሲያስረዝም ወርዱን በአንድ ሜትር ማሳጠር ግድ ይሆንበታል። ያን ጊዜ 31 በ19 ተባዝቶ 589 ይሆናል፤ 11 ጎደለ ማለት ነው። ጥያቄው አንድ ሲሆን መልሱ ተቃራኒ ሆነ። በመጀመሪያው የጸናው ወርዱ ነው፤ በሁለተኛው የጸናው የአጥሩ ልክ ነው።

ጎባጣዋ ፊደል የምትነግረን ሌላው ነገር ባለበት እንዲጸና መደረጉን ነው፤ የጸናው የትኛው እንደ ሆነ ግን ብቻዋን አትነግረንም። ስለዚህ የሙቀትን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ለውጡን በቅንፍ ከትተው የጸናውን ነገር ፊደል በቅንፉ ግርጌ ይጽፋሉ።

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ተማሪው ምልክቷን «ፓርሻል» ብሎ ያነባታል። ስሟን ማወቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከማስላቱ አስቀድሞ «የሚለወጠው ምንድን ነው? የጸናውስ?» ብሎ መጠየቅን ይልመድ እንላለን። ይህን ያልጠየቀ ሰው ማባዛቱን ሳይስት ቦታው የሰፋ መስሎት ሊያጠበው ይችላልና።