የፕሮሰሰር ገጠማ

የፕሮሰሰር ገጠማ ፕሮሰሰርን በማዘርቦርድ ሶኬት ላይ የማሳረፍና በባዮስ (በማዘርቦርዱ መነሻ ሶፍትዌር) የማስተካከል ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የፒኖቹ ጉዳይ ነው። ኤኤም 4 በተባለው የኤኤምዲ የሶኬት ዓይነት 1331 ፒኖች የተተከሉት ከፕሮሰሰሩ ሥር ነው። ኢንቴል ግን ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ በኤልጂኤ 775፣ ፒኖቹን ወደ ሶኬቱ አዛውሯቸዋል፤ ኤኤምዲም በ2022 በኤኤም 5 ተከትሎታል። እነዚህ ቀጫጭን ፒኖች በጣት ከተነኩ በቀላሉ ይጣመማሉ፤ ማቃናቱም አድካሚ ነው።

ስለዚህ በፕሮሰሰሩና በሶኬቱ ጥግ ላይ ያሉት የሦስት ማዕዘን ምልክቶች ይገጣጠማሉ፤ ፕሮሰሰሩም ሳይገፋ በራሱ ክብደት ቦታውን ይይዛል። አልገባ ካለ መጫን ሳይሆን አንስቶ ማየት ይገባል። የኢንቴል መቆለፊያ ዘንግ ሲወርድ የሚሰማው ጥንካሬ ግን የተለመደ ነው፤ ጀማሪዎችን ሊያስደነግጥ አይገባም።

ከዚያ ሙቀት አስተላላፊው ቅባት በመጠኑ ይደረጋል፤ ማቀዝቀዣው ይታሰራል፤ የፋኑም ገመድ ይሰካል።

ሶኬቱ ገጠመ ማለት ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን ያውቀዋል ማለት አይደለም። በ2020 የወጡት የኤኤምዲ ራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች በቀደሙት ቢ450 ማዘርቦርዶች ላይ የሚሠሩት ባዮሱ ከታደሰ በኋላ ነው። ራሙም ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የተባለው የፍጥነት ቅንብር በባዮስ ካልተከፈተለት፣ ብዙውን ጊዜ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ባነሰ ፍጥነት ይሠራል።