የዳንስ ሌሊትና የነፍስ ዘፈን

የሰው ልጅ ከእንስሳ የሚለይባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። ከነዚህም አንዱ ደስታውንና ኀዘኑን በዜማ መጥኖ፥ እግሩን ከባልንጀራው እግር ጋር አስተባብሮ መግለጡ ነው። ያልዘፈነ ሕዝብ፥ ያልጨፈረ አገር በታሪክ አልተገኘም። ዳሩ ግን በየዘመኑ አባቶች የልጆቻቸውን ዘፈን ሲነቅፉ፥ ልጆችም የአባቶቻቸውን ዘፈን ሲንቁ ኖረዋል።

እዚህ በሁሩሙም ሆነ በመቱ ወጣቶች አንዳንድ ጊዜ፥ «በክበባችን ተሰብስበን የዳንስ ምሽት ብናደርግ ምን ነውር አለበት?» ብለው ይጠይቁኛል። ሽማግሎች ደግሞ፥ «ይህ ከውጭ የመጣ ነገር ነው፤ ልጆቻችንን ያበላሻል» ይላሉ። እኔ ለአንዱ ወገን ከመፍረዴ በፊት ታሪኩን መመርመር ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ታሪክ ሳይጠየቅ የተፈረደ ፍርድ፥ ምስክር ሳይሰማ እንደ ተቈረጠ ሙግት ነውና።

ወጣቶች ከሁሉ አብልጠው ይወዱት ከነበረው የዳንስ ሙዚቃ አንዱ ሶል ይባላል። ሶል የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን በቋንቋችን ነፍስ ማለት ነው። ይህን ሙዚቃ ያወጡት በአሜሪካ የሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች፥ የባሮች የልጅ ልጆች ናቸው። ስልቱን ያገኙት በመጠጥ ቤት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በቤተ ክርስቲያናቸው ነው። በዚያ አንዱ ይጮኻል፥ ሌላው ይቀበላል፥ እጅ ይጨበጨባል፥ እንባም ይፈሳል። ዐይነ ስውሩ ሬይ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1954 ይህን የጸሎት ስልት ወስዶ ስለ ፍቅር በዘፈነበት ጊዜ ከሃይማኖተኞች ብዙ ወቀሳ ደረሰበት። በ1959 ደግሞ ቀድሞ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው ቤሪ ጎርዲ ከቤተ ሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ በዲትሮይት ከተማ ሞታውን የተባለውን የሸክላ ኩባንያ ለማቋቋም በቃ። ዘመኑ ጥቁሮች ስለ መብታቸው አደባባይ የወጡበት ዘመን ስለ ነበረ፥ ሙዚቃው የተዋረደ ሕዝብ ቀና ብሎ የሚሄድበት እርምጃ ሆነ።

ይህ ዘፈን ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ አገር ባሉ የፋብሪካ ከተሞች ገባ። ዊጋን በምትባል ከተማ ከ1973 እስከ 1981 ድረስ፥ ሳምንቱን ሙሉ በሥራ የደከሙ ወጣቶች በካዚኖ አዳራሽ ተሰብስበው እስኪነጋ ይጨፍሩ ነበር። በነዚያ ሌሊቶች መጠጥ አይሸጥም ነበር፤ የመጡት ለዳንሱ ነውና። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው እንቅልፍ የሚያባርር ኪኒን እየዋጡ ሰውነታቸውን የጎዱ አልታጡም። ስለዚህ ጥፋቱ ከዜማው ሳይሆን ዜማውን ካጀበው ነገር እንደ ሆነ ልብ እንበል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፥ ከእልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እነርሱም «አርባ ልጆች» ተብለው ታወቁ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በሌሎችም የሙዚቃ ክፍሎች ብዙ ኢትዮጵያውያንን አስተማረ። እንግዲህ ዛሬ «የኛ ነው» ብለን የምንመካበት ዘመናዊ ሙዚቃ ከመነሻው ስደተኞች የረዱን መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ተማሪዎቹ ግን ቀድተው ብቻ አልቀሩም። ጌታቸው መኩሪያ የጀግና ሽለላን በሳክስፎን ተጫወተ፤ የፈረንጁ መሣሪያ የአርበኛውን ድምፅ አወጣ። ጥላሁን ገሠሠ በወሊሶ ከራስ ጎበና ትምህርት ቤት ወጥቶ በአገር ፍቅር፥ ቀጥሎም በክብር ዘበኛ ዘፈነ። በዚያ ዘመን ዘፋኝ የመንግሥት ወታደር ስለ ነበረ፥ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ ጊዜ ጥላሁንም ከታሰሩት አንዱ ሆነ። አዝማሪ ተብሎ በሚናቅበት አገር የጀመረው ይህ ሰው፥ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ በብሔራዊ ክብር ተቀበረ። አገር አስተያየቷን ለመለወጥ ስንት ዓመት እንደ ፈጀባት ከዚህ ይታያል።

ሶል ወደኛ የመጣባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው በአስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ መምህራን ናቸው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ወደ 300 የሚጠጉ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ተበተኑ። በአዲስ አበባም በራስ ሆቴል፥ በግዮን፥ በዙላ ክለብና በሌሎችም የምሽት ክበቦች ጊታርና ትራምፔት የያዙ ባንዶች ይጫወቱ ጀመር። ከነዚህ አንዱ ስሙን ከዚሁ ሙዚቃ ወስዶ «ሶል ኤኮስ» ተባለ። ዓለማየሁ እሸቴ እንደ ጄምስ ብራውን እየጮኸ፥ ነገር ግን በአማርኛ ቃልና በአምስቱ ድምፆች ቅኝት ዘፈነ። ከበሮው አንዳንዴ የአሜሪካውን አራት ምት ይመታል፤ አንዳንዴም ወደ አገሩ ችክችካ ይመለሳል። ፀጉራቸውን አፍሮ ያደረጉ ጐረምሶችም ሁለቱን ያለ አስተርጓሚ ጨፈሩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በተለይ ላነሣው የምወደው ዐምኃ እሸቴን ነው። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በዐዋጅ የተሰጠው ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ማኅበሩ ግን በዚህ መብት የአዲሶቹን ልጆች ዘፈን አላሳተመም። ዐምኃ ገና ወጣት ነጋዴ ሳለ፥ ቅጣት ሊመጣበት እንደሚችል እያወቀ፥ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ወደ ውጭ ልኮ በሸክላ አሳተመ። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ሸክላዎች አወጣ። እርሱ ባይደፍር ኖሮ የዚያ ዘመን ድምፅ እንደ ጭስ በኖ በጠፋ ነበር። ሰው ሁሉ በጦር ሜዳ ብቻ ደፋር የሚሆን አይደለም።

ሆኖም ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚወደውን ብቻ ሊመርጥ አይገባውም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው የራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ሞድ ትርኢት በተደረገ ጊዜ፥ ተማሪዎች «አጭር ቀሚስና የውጭ ሞድ ባህላችንን ያጠፋል» ብለው ተቃወሙ፤ እንግዶችንም እንቍላል ወረወሩባቸው፥ ሴቶችንም አዋረዱ። ድሀ በሞላበት አገር ስለ ሞድ መጨነቅ ያሳፍራል ያሉት እውነት ነበረው፤ በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ በመዲናይቱ የዳንስ አዳራሾች መብራት አልጠፋም ነበርና። ነገር ግን ስለ ድሀ ተቈርቋሪ ነኝ የሚል ሰው የእኅቱን ክብር መንካቱ ምን ዐይነት ፍትሕ ነው? ደግሞም አዳራሹ ለሁሉ ቋንቋ እኩል ክፍት አልነበረም። በድሬዳዋ በኦሮምኛ የሚዘፍነው የአፍራን ቀሎ ቡድን ብዙ መከራ አይቶአል። ከዚያው የወጣው ዓሊ ቢራ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ገባ፤ በትዕግሥቱም ለኦሮምኛ ዘፈን በዘመናዊ ሙዚቃ ቦታ አስገኘለት።

ከዚያ በኋላ ሌሊቱ ራሱ ተወሰደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሰዓቱ እየተለዋወጠ እስከ ሥርዐቱ ፍጻሜ፥ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ኖረ። ሌሊት መውጣት የሚያስገድል ነገር ሆነ። ብዙ ክበቦች ተዘጉ፤ ዐምኃም ሌሎችም ተሰደዱ። በቀይ ሽብር ዘመን እናቶች በጠዋት ልጃቸውን ፍለጋ ሲወጡ፥ ስለ ዳንስ የሚያስብ ማን ነበር? የነዚያን ዓመታት ወጣቶች ሳስብ፥ በሰላም ተሰብስቦ መሣቅና በሰላም ወደ ቤት መግባት ትልቅ ሀብት መሆኑን እረዳለሁ። ሸክላዎቹ ግን አልሞቱም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እትም ሲያወጣቸው ዓለም አዲስ ነገር እንዳገኘ ተደነቀ። ልጆቻችን የናቁትን ቅርስ ፈረንጅ አክብሮ ሲያመጣልን መቀበላችን የሚያስደስትም የሚያሳፍርም ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

መጀመሪያ፥ ከውጭ መጣ ተብሎ ብቻ የሚጣል ነገር እንደሌለ እንማራለን። ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የካርቱም መርከቦች በባሮ ወንዝ እስከ ጋምቤላ ይመጡ ነበር፤ የዚህ አገር ቡናም በዚያው መንገድ ወደ ዓለም ይወጣ ነበር። ቡናችን የሌላውን ማለዳ ሲያነቃ ደስ እያለን፥ የሌላው ዜማ የኛን ምሽት ቢያደምቅ ስለ ምን እንቈጣለን? ነውሩ መቀበሉ አይደለም፤ ነውሩ ተቀብሎ የራስን ሳይጨምሩበት መቅረት ነው።

ሁለተኛ፥ የአንዱ ደስታ በሌላው ውርደት ላይ መሠራት የለበትም። እኅቱ ሳትፈራ የማትገባበት፥ ሳትፈራም የማትወጣበት የዳንስ አዳራሽ፥ ሙዚቃው ቢያምር እንኳ የሥልጣኔ ቦታ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛ፥ ነፃነት በልክ ይጠበቃል። ሰዓት እላፊን በጠመንጃ የሚያውጅ መንግሥት ክፉ ነው፤ ለራሱ ሰዓት መወሰን የማይችል ወጣት ግን ያን ክፉ መንግሥት የሚናፍቁ ሰዎችን ያበዛል።

ስለዚህ ለጠየቁኝ ወጣቶች የምሰጠው ምክር ይህ ነው። የዳንስ ምሽታችሁን አድርጉ። ሽማግሎቻችሁን ግን በስተኋላ አትሹለኩባቸው፤ ቀድማችሁ አማክሩ፥ ቢፈቅዱም ጋብዟቸው። መጠጥና ጫት ከደጅ ይቅሩ፤ ስትጨፍሩ ላባችሁ ይበቃችኋል። የአሜሪካውን ሶል ካጫወታችሁ በኋላ የዓለማየሁን፥ የጥላሁንን፥ የዓሊ ቢራን አስከትሉ። ከዚያም እናቶቻችሁ በሰርግ ቤት የሚዘፍኑትን ዘፈን ራሳቸው ያዚሙላችሁ፥ እናንተም ተቀበሉ። ከመግቢያው የሚገኘውን ገንዘብ ጥቂቱን ደብተር ለሌለው ተማሪ ስጡ። በተባለውም ሰዓት አዳራሹን ጠርጋችሁ፥ ሴቶቹን እስከ ደጃቸው ሸኝታችሁ ግቡ። እንዲህ ካደረጋችሁ ለሚቀጥለው ምሽት ፈቃድ ስትጠይቁ የሚከለክላችሁ ሽማግሌ የሚገኝ አይመስለኝም።