ሱቁም መጋዘኑም መኖሪያ ቤት ነበር፦ የአሊዩ አምባ የንግድ ቤቶች

ደብረ ብርሃን የተማርን ሰዎች የአንኮበርን መንገድ እናውቀዋለን። ገንዘብ አዋጥተን፣ መኪና ተኮናትረን፣ በብርዱ እየተንቀጠቀጥን የቤተ መንግሥቱን ፍርስራሽ ለማየት ያልሄድን ጥቂቶች ነን። ከዚያ አልፈን ቁልቁለቱን ወርደን አሊዩ አምባ የደረስን ግን ብዙ አይደለንም። እኔም የወረድኩት ከተመረቅሁ ከዓመታት በኋላ ነው። የሄድኩት የድሮ ሱቆች ፍለጋ ነበር፤ በሐረርና በድሬዳዋ እንደማውቃቸው ያሉ የግንብ ሱቆች ጠብቄ። አላገኘሁም። ለምን እንዳላገኘሁ የገባኝ ታሪኩን ካነበብኩ በኋላ ነው።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) አንኮበር የሸዋ መንግሥት መቀመጫ ስትሆን፣ ዋናው ገበያ ግን የሚቆመው ታች አሊዩ አምባ ነበር፤ ቀኑም ዓርብ። ከታጁራ ወደብ የተነሣው ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ፋሬ ላይ ይደርሳል። ግመል ዳገቱን አይወጣምና እዚያው ይራገፋል፤ ከዚያ ወዲያ ሸክሙ የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ትከሻ ነው። ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ይመጣል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወርዳል። መገበያያው አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ነው። የከተማው ገዥ በንጉሡ ስም ቀረጥ ይሰበስባል። አርጎባው፣ አፋሩ፣ የሐረር ሰውና የደጋው ክርስቲያን እዚህ ይገናኛሉ። የማይሸሸግም ነገር አለ፤ አጠገቡ ባለችው አብዱል ረሱል ሰውም ይሸጥ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ንግድ በየትኛው ሕንፃ ውስጥ ነበር? መልሱ፦ በሰው ቤት። ገበያው ሜዳ ነው፤ ሲመሽ ይበተናል። ሩቅ አገር የመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፈው፣ ዕቃውን የሚያስቀምጠው፣ የሚዋዋለው ጭቃ በተመረገ፣ የሣር ክዳን ባለው ጎጆ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ክረምት የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ወደ ንጉሡ ከመውጣቱ በፊት ከነጓዙ የቆየው እዚሁ ከተማ ነው። በዓመቱ የመጣው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተንም በወባ እየተሠቃየ በአሊዩ አምባ ጎጆ ኖሯል፤ ያየውንም በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። እንግዲህ አንዱ ቤት መኖሪያም፣ ማደሪያም፣ መጋዘንም፣ ሱቅም ነበር ማለት ነው።

ከዚያ መንገዱ ዞረ። አፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1887 ሐረር ሲያዝ ንግዱ በዚያ በኩል አለፈ። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ቆርቆሮውን፣ ሲሚንቶውን፣ የሕንድና የአርመን ነጋዴውን ይዞ የሄደው ወደዚያ ነው። አራዳ ፎቅና በረንዳ ሲያወጣ አሊዩ አምባ ባለችበት ቀረች። ሀብቱ በጊዜው ወደ ድንጋይ አልተለወጠም፤ ሣርና ጭቃ ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ ካልታደሰ አይቆይም።

ይህን የምጽፈው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ቅርስ ስንመዘግብ ዓይናችን የሚያርፈው ግንብ ላይ ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን የሸዋ ትልቁ ገበያ የነበረች ከተማ "ምንም የላትም" ተብላ ትታለፋለች። ያላት ግን ሌላ ነው፦ የገበያው ሜዳ፣ የመንገዱ አቅጣጫ፣ የሽመና ሙያ፣ በየቤተሰቡ የሚወራው የንግድ ታሪክ። እነዚህ ደግሞ የሚያውቁት አረጋውያን ሲያልፉ አብረው የሚሄዱ ናቸው።

ስለዚህ በመምህርነት ላይ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ አደራ! የታሪክና የአርክቴክቸር ተማሪዎቻችሁን አንድ ሴሚስተር ቁልቁል ላኳቸው። ሜትርና መቅረጸ ድምፅ ይበቃቸዋል። እኛም ለዳግም ግንኙነት ስንሰባሰብ ጉዟችንን አንኮበር ላይ አናቁመው፤ ትንሽ እንውረድ።