ጭሰኛው፣ ባለመሬቱና ካሜራው

እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ አንድ ጉዳይ፣ ይኸውም ስለ ጭሰኝነት፣ ሁለት እጅግ የተራራቁ ሥራዎች ተሠሩ። አንደኛው ኢኮኖሚስቱ ጆሴፍ ስቲግሊዝ ስለ ምርት መጋራት ውል ያሳተመው ጥናት ነው። ሁለተኛው ኃይሌ ገሪማ የዘውዱ ሥርዓት በሚፈርስበት ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረጸውና በ1976 ለእይታ የበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው የካሜራ አቀማመጥ የክርክር ዓይነት መሆኑን ይረዳል።

የጥናቱ ሐሳብ አጭር ነው። ባለመሬቱ ቁርጥ ኪራይ ቢጠይቅ የድርቁ ኪሳራ ሁሉ በገበሬው ላይ ይወድቃል፤ በደመወዝ ቢያሠራው ደግሞ ሥራውን መቆጣጠር ይኖርበታል። ምርት መጋራት በሁለቱ መካከል ያለ መፍትሔ ነው፤ አደጋውን ያካፍላል፣ ቁጥጥሩንም ያቀልላል። በደቡብ ኢትዮጵያ ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ይሰጥ ስለ ነበር ቀመሩ ለእኛም ታሪክ ባዕድ አይደለም። ነገር ግን በቀመሩ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች ፊደላት ናቸው። ማን እንደ ተቀመጠ፣ ማን እንደ ቆመ አይነግረንም።

ፊልሙ የሚጀምረው ቀመሩ ካቆመበት ነው። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዝዛል፣ ይቆጣል፣ ይመለከታል። ገበሬውና ቤተሰቡ በማሳው ላይ ጎንበስ ብለው ይውላሉ። ምርት መጋራት ቁጥጥርን የሚያቀልል ከሆነ ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚመለከተው ለምንድን ነው? የትዕይንቱ አደረጃጀት መልሱን ይሰጣል፤ ለእርሱ መመልከት የጌትነቱ ትርፍ እንጂ ወጪ አይደለም። እንደ እብድ የሚቆጠረው ከበበ ደግሞ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ይንቀሳቀሳል። ወንበሩ የሚጠይቀውን አክብሮት ይነፍገዋል፤ በመጨረሻም ባለመሬቱን የሚገድለው እርሱ ነው።

ካሜራው ብዙ ጊዜ ርቆ ይቆማል። ሰዎቹ በሰፊው መሬት ውስጥ አንሰው ይታያሉ፤ የእርሻውም ሥራ ሳይቆራረጥ ይታያል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የተቀረጸው የተፈጥሮ ብርሃን ገጠሩን የቱሪስት ፖስት ካርድ እንዳይሆን ይከለክለዋል። አረንጓዴው ቀለም ሲጠፋ የሚቀረው አፈርና ድካም ነው።

ይህ ሁሉ የድህነት ውጤት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በእርግጥም ቀረጻው የተከናወነው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ፣ በ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች ነበር። ኃይሌም ገና በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሲኒማ ተማሪ ነበር። ሆኖም እጥረት ባለበት ቤት ምርጫ የሚታወቀው ውዱ ነገር በምን ላይ እንደ ዋለ በማየት ነው። በዚያ ዘመን ለድሃ የፊልም ሠሪ ጥሬ ፊልም ውድ ነበር፤ ረጅም ቀረጻ ደግሞ ፊልም ይበላል። ቁጠባን ብቻ ያሰበ ሰው እርሻውን በጥቂት ሰኮንዶች አሳይቶ ወደ ንግግሩ ባለፈ ነበር። ኃይሌና የካሜራ ባለሙያው ኤሊዮት ዴቪስ ያንን ውድ ፊልም ለድካሙ ርዝመት ሰጡት። ገበሬው የሚከፍለው ጊዜ ተመልካቹም በጥቂቱ እንዲከፍለው ተደረገ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። አዋጁ ባለመሬቱን ከወንበሩ አስነሣው። ወንበሩ ግን ቀረ፤ መሬት የመንግሥት ሲሆን ከላይ ሆኖ የሚመለከተው ሌላ ሆነ። ጥያቄው የኢትዮጵያ ብቻም አይደለም። እኔ በምኖርበት በኒው አልባኒ፣ ኢንቴል በ2022 መጀመሪያ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚፈስበት የቺፕ ፋብሪካ በእርሻ መሬት ላይ እንደሚተክል አስታውቋል። መሬትን ከሰማይ የሚያነሣ ካሜራ ባዶ ቦታ ያሳየናል፤ ከማሳው ጠርዝ የሚያነሣው ደግሞ ማን ሲያርሰው እንደ ኖረ ያሳየናል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ለካሳ ክርክር ግን እኩል አያገለግሉም።

ስለዚህ ፊልሙን የምታዩ አንባቢያን ንግግሩን ለጊዜው ተዉትና የተቀመጠውን፣ የቆመውንና ጎንበስ ያለውን ለዩ። የውሉ ዝርዝር እዚያ ላይ ተጽፏል።