የሕዝብ መጠጥ ቤት ከእሳት በኋላ፤ የሳዘርክ ማረፊያዎች ታሪክ

መጠጥ ቤት በታሪክ መጻሕፍት ዘንድ ተገቢውን ስፍራ ያላገኘ ተቋም ነው። ስለ ቤተ መንግሥት፣ ስለ ቤተ መቅደስና ስለ ጦር ሜዳ ብዙ ሲጻፍ፣ ሕዝብ ከሥራ መልስ የሚገናኝበት፣ ወሬ የሚለዋወጥበት፣ የሚዋዋልበትና የሚዘፍንበት ቤት ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ተራ ነገር ታልፏል። ሆኖም እንዲህ ያለው ቤት ባለቤቱ አንድ ሰው ይሁን እንጂ ተጠቃሚው መላው ሰፈር ነው። ይህ ጠባዩ በደኅናው ዘመን እምብዛም አይስተዋልም፤ ጎልቶ የሚወጣው ቤቱ አንድ ቀን በእሳት ሲወድም ነው። ያን ጊዜ «ማን መልሶ ይሥራው? ኪሣራውንስ ማን ይሸከመው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ከለንደን ከተማ በስተ ደቡብ በምትገኘው በሳዘርክ ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳዘርክ የቴምስ ወንዝ ከለንደን የሚለያት ጥንታዊት ሰፈር ናት። የዌስትሚኒስተር ድልድይ በ1750 ተሠርቶ እስኪከፈት ድረስ ከተማውን ከደቡብ ዳርቻው ጋር የሚያገናኘው ድልድይ አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከደቡብ እንግሊዝና ከባሕር ማዶ በዶቨር ወደብ በኩል የሚመጣ ነጋዴ፣ ወታደርና ተሳላሚ ሁሉ በሳዘርክ ዋና ጎዳና ማለፍ ግድ ይሆንበት ነበር። የድልድዩ በር በሌሊት ይዘጋ ስለ ነበር፣ መሽቶበት የደረሰ መንገደኛ እስኪነጋ የሚያድርበት ቤት ያስፈልገዋል። ጎዳናውን ተከትለው የተደረደሩት ማረፊያ ቤቶች የተወለዱት ከዚህ ችግር ነው። ጆን ስቶው የተባለው የለንደን ታሪክ ጸሐፊ በ1598 ባሳተመው መጽሐፍ ታባርድ፣ ጆርጅ፣ ኋይት ሃርት፣ ኪንግስ ሄድና ኩዊንስ ሄድ የሚባሉትን ከሌሎች ጋር በስማቸው ዘርዝሯቸዋል።

ከእነዚህ መካከል በሥነ ጽሑፍ ዓለም ከሁሉ ይበልጥ ስሙ የገነነው ታባርድ ነው። ባለቅኔው ጆፍሪ ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደረሰው «የካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ ወደ ቅዱስ ቶማስ ቤኬት መቃብር የሚጓዙትን ተሳላሚዎች ያገናኛቸው በዚህ ቤት ነው። ባላባት፣ መነኩሲት፣ ወፍጮ ጠባቂና ነጋዴ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ተረት ለመቀጣጠር የተስማሙት በቤቱ አስተናጋጅ አሳሳቢነት ነው። አስተናጋጁም የደራሲው ፈጠራ ብቻ አልነበረም፤ ሃሪ ቤይሊ የሚባል የማረፊያ ቤት ባለቤት በ1370ዎቹ ሳዘርክን ወክሎ በፓርላማ ተቀምጦ እንደ ነበር መዛግብት ያረጋግጣሉ። ኋይት ሃርት ደግሞ በ1450 የኬንት ገበሬዎችና የእጅ ሠራተኞች በንጉሡ መንግሥት ላይ በተነሡ ጊዜ ለመሪያቸው ለጃክ ኬድ ሰፈር ሆኖ አገልግሏል። እንግዲህ እነዚህ ቤቶች መጠጥ ከመሸጥ ያለፈ ሚና እንደ ነበራቸው ግልጽ ነው።

የቤቶቹ አሠራር ተመሳሳይ ነበር። ከጎዳናው በሰፊ በር ወደ ውስጥ ሲገባ አራት ማዕዘን ግቢ ይገኛል። ግቢውን በሦስት ወገን የከበቡት ፎቆች በእንጨት ሰገነት የተያያዙ ሲሆኑ፣ የመኝታ ክፍሎቹ ሁሉ የሚከፈቱት ወደዚሁ ሰገነት ነው። ምድር ቤቱ የመጠጥና የመብል አዳራሽ ነበር፤ ከኋላ በኩል የፈረስ ጋጣዎች ይገኛሉ። በሰገነቱ ላይ የቆመ ሰው በግቢው የሚሆነውን ሁሉ ቁልቁል ያይ ስለ ነበር፣ በለንደን የተወሰኑ ማረፊያዎች ግቢዎች ልዩ የትያትር ቤቶች ከመሠራታቸው በፊት የተዋንያን መድረክ ሆነዋል። በ1576 እና ከዚያ በኋላ ለትያትር ብቻ የተሠሩት ቤቶችም ተመልካችን በዙሪያ ሰገነት የማስቀመጡን ዘዴ ይዘው ቀጥለዋል።

ይህ ሁሉ ውበት ግን የእንጨት ሥራ ነበር፤ እንጨትም የእሳት ቀለብ ነው። በመስከረም 1666 ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣው ታላቁ የለንደን እሳት ከአራት ቀን በላይ ነዶ 13,200 ቤቶችንና 87 የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትን አወደመ። ሳዘርክን በዚያን ጊዜ ያተረፋት የድሮ ጉዳት ነው። በድልድዩ ላይ ከነበሩት ቤቶች በሰሜኑ ጫፍ የነበሩት በ1633 ተቃጥለው ቦታቸው በከፊል ባዶ ቀርቶ ስለ ነበር፣ እሳቱ ያን ክፍት ቦታ መሻገር አልቻለም። የወንዙ ማዶ ነዋሪዎች የጎረቤታቸውን ከተማ መንደድ ከዳር ቆመው ተመለከቱ።

ዕጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ለእነርሱም ደረሰ። ግንቦት 26 ቀን 1676 በሳዘርክ ዋና ጎዳና አጠገብ የተነሣው እሳት 500 ያህል ቤቶችን በላ። ተጨማሪ ቤቶችም የእሳቱን መንገድ ለመቁረጥ ሲባል ሆን ተብለው ፈረሱ። ታባርድ፣ ጆርጅና ኋይት ሃርት ከነሰገነታቸው አመድ ሆኑ። ቾሰር ተሳላሚዎቹን ያሳደረበት ቤት ከዚያን ቀን በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ ካልሆነ በቀር አልታየም።

እዚህ ላይ የቤቶቹ እውነተኛ ፈተና ጀመረ። የማረፊያ ቤቱን ሥራ የሚያካሂደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመሬቱ ባለቤት አልነበረም፤ ለብዙ ዓመታት በውል የተከራየ ሰው ነበር። በዘመኑ ልማድ መሠረት የኪራይ ውሉ ሁለት ከባድ ግዴታዎችን በተከራዩ ላይ ይጥል ነበር፤ አንደኛው ቤቱን ጠግኖ መያዝ፣ ሁለተኛው ኪራዩን በየጊዜው መክፈል ነው። ቤቱ ሲቃጠል ውሉ አይቃጠልም። በሕጉ ፊደል ከተሄደ ተከራዩ በሌለ ቤት ላይ ኪራይ እየከፈለ፣ ከዚያም በላይ የሌላ ሰው ንብረት የሆነውን ሕንፃ በራሱ ገንዘብ መልሶ መሥራት ነበረበት። የእሳት መድን ደግሞ ገና አልተጀመረም፤ በለንደን የመጀመሪያው የእሳት መድን ድርጅት የተቋቋመው ከሳዘርክ ቃጠሎ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ተከራዩ ውሉን ትቶ ቢሸሽ ዕዳ ያስከትለዋል፤ ቢቆይ ደግሞ አቅም የለውም። ባለርስቱም በበኩሉ ውሉ በእጁ እያለ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ የሚሠራበት ምክንያት አይታየውም። ሁለቱ ሲካሰሱ መሬቱ ፍርስራሽ እንደ ተሸከመ፣ መንገደኛውም ያለ ማረፊያ ይቀራል።

የእንግሊዝ ፓርላማ ይህን ችግር ከ1666ቱ ቃጠሎ በኋላ አይቶታል። በ1667 መጀመሪያ በወጣ ሕግ «የእሳት ፍርድ ቤት» ተብሎ የሚታወቅ ልዩ ችሎት ተቋቋመ። ከአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የተውጣጡ ዳኞች ክሊፎርድስ ኢን በተባለው የሕግ ባለሙያዎች ቤት እየተቀመጡ፣ ያለ ክፍያና ያለ ተራዘመ ሥነ ሥርዓት፣ ባለርስትና ተከራይን ፊት ለፊት ያከራክሩ ጀመር። ዳኞቹ ከተራ ችሎት የተለየ ሥልጣን ነበራቸው፤ የተፈረመ ውል ማሻሻል፣ ኪራይ መቀነስ፣ የኪራይ ዘመን ማራዘም፣ ካስፈለገም ውሉን ጨርሶ ማፍረስ ይችሉ ነበር። በተከራካሪዎቹ ፊት የሚያቀርቡትም ጥያቄ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚል ሳይሆን «መልሶ ለመሥራት የሚችለው ማን ነው? እንዲችልስ ምን ይደረግለት?» የሚል ነበር። መልሶ ለመሥራት የተነሣ ተከራይ ዝቅተኛ ኪራይና ረጅም ዘመን ይሰጠዋል። ባለርስቱ ለተወሰነ ጊዜ ገቢው ይቀንስበታል፤ በምትኩ ዘመኑ ሲያበቃ በባዶ ቦታው ላይ አዲስ ቤት ቆሞ ያገኛል።

የለንደን ከተማ አስተዳደር ለዚህ አገልግሎት ያለውን ምስጋና በሥነ ጥበብ ገልጿል። ጆን ማይክል ራይት የተባለው ሠዓሊ የ22ቱን ዳኞች ሙሉ ቁመና ምስል በዘይት ቀለም እንዲሥል ታዝዞ፣ ሥዕሎቹ በከተማው ማዘጋጃ አዳራሽ ተሰቀሉ። የጦር መሪዎችና የነገሥታት ምስል በሚከበርበት ዘመን የቤት ኪራይ ክርክር የጨረሱ ዳኞች ለእንዲህ ያለ ክብር መብቃታቸው፣ ሕዝቡ ከተማው የተነሣው በማን ድካም እንደ ሆነ መረዳቱን ያመለክታል።

ሳዘርክ በተቃጠለች ጊዜም ፓርላማው ይህንኑ ፈለግ ተከተለ። በ1677 ለሳዘርክ ተመሳሳይ ችሎት የሚያቋቁም ሕግ ወጣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን ብሂል የችሎቱን መንፈስ በአጭሩ ይገልጸዋል። ለአንዱ ተከራይ ቢተው ወገብ የሚያጎብጠው ኪሣራ፣ በባለርስቱ፣ በተከራዩና በወደፊቱ ዘመን ላይ ሲከፋፈል የሚቻል ሸክም ሆነ። ጆርጅ ከቃጠሎው በኋላ በዓመቱ፣ በ1677፣ መልሶ የተሠራው እንዲህ ባለው የሕግ አየር ውስጥ ነው። ታባርድና ኋይት ሃርትም ተነሡ።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር የአዲሶቹ ቤቶች መልክ ነው። ለሠሪዎቹ አዲስ ንድፍ ለማውጣት ባዶ መሬት ተገኝቶላቸው ነበር፤ እነርሱ ግን የጥንቱን ግቢ፣ የጥንቱን በርና የጥንቱን ሰገነት መልሰው አቆሙ። ግድግዳው ጡብ ሆነ፤ ሰገነቱ ግን እንደ ቀድሞው እንጨት ነበር። ምክንያቱም ከናፍቆት ይልቅ ከሥራ የመነጨ ነው ማለት ይቻላል፤ ጋሪው የሚገባበት፣ ፈረሱ የሚፈታበት፣ ጭነት የሚወርድበትና እንግዳው ወደ መኝታው የሚወጣበት ሥርዓት አልተለወጠምና ቤቱ ያንኑ ሥርዓት ተከትሎ ተሠራ። የተለወጠ ነገር ቢኖር የታባርድ ስም ነው። «ታባርድ» እጅጌ የሌለው የአዋጅ ነጋሪ መደረቢያ ማለት ሲሆን፣ ከቃጠሎው በኋላ የተሰቀለው ምልክት ግን «ታልቦት» የተባለውን የአደን ውሻ የሚያሳይ ሆነ።

ይሁን እንጂ የችሎቱን ፍትሕ ያለ ልክ ማወደስ አይገባም። ሕጉ ያስተናገደው ውል በእጁ የያዘውን ሰው ነው። ፈረስ የሚጠብቀው ባልደራስ፣ መጠጥ የሚቀዳው አሳላፊ፣ አልጋ የምታነጥፈው ሠራተኛ፣ በጋጣው ጥግ የሚያድረው ጭነት አመላላሽ ከቤቱ ጋር እንጀራቸው ተቃጥሎ ሳለ፣ የሚያሳዩት ውል ስለሌላቸው ከዳኞቹ ፊት የሚቀርቡበት መንገድ አልነበረም። ለእነርሱ የነበረው ብቸኛ ተስፋ ቤቱ ቶሎ እንዲከፈት ነበር። የኪሣራው ክፍፍል በባለርስትና በተከራይ መካከል ተወስኖ ቀርቷል።

እነዚህ ማረፊያዎች መልሰው ከተሠሩ በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በሙሉ ኃይላቸው አገልግለዋል። ቻርልስ ዲክንስ በ1836 ማውጣት በጀመረው የፒክዊክ ልብ ወለድ ሳም ዌለር የተባለውን ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋወቀው በኋይት ሃርት ግቢ ጫማ ሲጠርግ ነው። በዚያው በ1836 መጨረሻ ግን ከማረፊያዎቹ ጥቂት ርምጃ ርቆ የለንደን ብሪጅ ባቡር ጣቢያ ሥራ ጀመረ። መንገደኛው ፈረስ ጋሪውን ትቶ በባቡር ሲሳፈር፣ በሳዘርክ ማደሩም አስፈላጊነቱ አበቃ። ታልቦት በ1870ዎቹ፣ ኋይት ሃርት በ1889 ፈረሱ። ጆርጅን በ1874 የገዛው የግሬት ኖርዘርን ባቡር ኩባንያ ግቢውን የዕቃ ማከማቻ አድርጎት ቆይቶ፣ በ1889 ከሦስቱ ወገን ሁለቱን አፈረሰ። የተረፈው የደቡቡ ክንፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሳዘርክን ማረፊያዎች ለዘለቄታው ያጠፋቸው የ1676ቱ እሳት አልነበረም። እሳቱ በአንድ ቀን ሲያወድማቸው ሕጉ ደረሰላቸው፤ ጥቅም የጠፋባቸው መስሎ በታየ ጊዜ ግን የሚያፈርሳቸውን ባለንብረት የሚጠይቅ ችሎት አልነበረም። በ1677 ፓርላማው ሰፈርተኛው በቤቶቹ ላይ ያለውን ጥቅም በተዘዋዋሪም ቢሆን አስቦ ነበር፤ በ1889 ውሳኔው ለባለንብረቱ ሒሳብ ብቻ ተተወ።

የቀረው የጆርጅ ክንፍ በ1937 በባቡር ኩባንያው ፈቃድ ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ተላለፈ። ዛሬ በለንደን ከተማ የቀረው ባለ ሰገነት ማረፊያ ይኸው አንዱ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በግቢው የሼክስፒር ትያትሮች ታይተዋል። ቤቱ ግን ሙዚየም አልሆነም፤ ከሥራ የወጣ ሰው አሁንም ገብቶ ቢራ ያዝዝበታል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይከራከርበታል። የ1677 ሠሪዎች ያቆሙት የእንጨት ሰገነት ከራሱ በላይ እንዳለ ሳያውቅ የሚጠጣው እንግዳም ብዙ ነው፤ ቤቱ የተሠራውም ለእንደ እርሱ ያለው መንገደኛ ነበር።